የተቃጠለው ጎን

አናጺው ማንኛውንም ሥራ ሁለት ሁለት አድርጎ ይሠራል፤ አንዱ ሙከራ ነው። ሥራው ሲያልቅ ሙከራውን ለሙጫ ማሞቂያ ይማግደዋል። ይኸው ልማዱ ጉድ ሠራው።

በቅርቡ አስተማሪ ሆና የተቀጠረችው ልጁ የዲኤንኤን ቅርጽ በእንጨት እንዲሠራላት ለምናው ነበር፤ መሰላል የሚመስል፣ መሃል ለመሃል ለሁለት የሚከፈል። እሱ ሠራው፤ እሷ በየመወጣጫው ኤ፣ ቲ፣ ጂ፣ ሲ እያለች ፊደል ጻፈችበት። ነገ ልታስተምርበት ዛሬ ስትመጣ አንዱ ጎን ዐመድ ሆኗል። ሙከራው መስሎት ነው።

«እጄን በቆረጠው!» አለ፣ ላብ አጥምቆት። «የመጀመሪያ ትምህርትሽን አበላሸሁብሽ። የፊደሎቹን ተራ ታስታውሺዋለሽ?»

«አላስታውሰውም።» የተረፈውን ጎን ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። «እሱው ይነግርሃል፣ አባዬ። ኤ ካለ ማዶው ቲ ነው፤ ጂ ካለ ሲ። ሌላ አይገጥምም።»

ነገር አልዋጥለት ሲል ጢሙን መጎተት ይወዳል። ጢሙን እየጎተተ ከሙከራው ከተረፉት ቁርጥራጮች ሲን አንስቶ ኤ ላይ ገጠመው። ሲ ሦስት ጥርስ አለው፣ ኤ ሁለት ማስገቢያ፤ እምቢ አለ። ጂን ሞከረ፤ ሁለቱም ረጃጅም ስለሆኑ መሰላሉ ሆዱን ነፋ። ቲ ግን ቀጭ ብሎ ገባ። በልካቸው የቀረጻቸው ራሱ ነው፤ ለምን እንዲህ እንደሆኑ ግን ጠይቆ አያውቅም።

«ሰውነታችን ውስጥም እንዲህ ነው?»

«እንዲሁ ነው። ሲከፈል እያንዳንዱ ጎን የጎደለውን ጓደኛውን ያሠራል።»

«ወይ ጉድ!» አለና ሥራውን ቀጠለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አዲሱ ጎን አለቀ።

በማግስቱ ሱቁን ሲከፍት አዲሱ ጎን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ክው አለ። ልጄ ልትዋረድ ነው ብሎ እንጨቱን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጠ።

ክፍሉ ውስጥ ተማሪዎቹ አሮጌውን ጎን ከበው፣ ካርቶን እየቆረጡ፣ የጎደለውን እየሠሩ ነው። ልጁ በሩ ላይ ሲያለከልክ አየችው።

«ሆነ ብዬ ነው የተውኩት» አለችው። ወደ ተማሪዎቹም ዞረች። «አባቴ ነው። ትናንት አንዱን ጎን ባያቃጥልልኝ ኖሮ ይህን ትምህርት እንዲህ ማስተማር አይመጣልኝም ነበር።»

ልጆቹ ሳቁ። አናጺው ተጠግቶ የእሱን እንጨት ከካርቶናቸው ጎን አስተኛው። ፊደል በፊደል አንድ ነው። ያቃጠለው ነገር ሁለት ሆኖ እፊቱ ተኝቷል።

«እና አባዬ፣» አለች ልጁ ሳቋን እየዋጠች፣ «ሙከራው የቱ ነው?»

«የቱም አይደለም!» አለና ሁለቱንም እቅፍ አደረጋቸው።