እማዬ ያጠበቻት ማሰሮ

ወይኔ ሚጣ! ልጅቷ እኮ ያቺን ማሰሮ የሠራቻት ትንፋሿን ውጣ ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ ምድጃ ውስጥ ዷ! ብለው ፈንድተውባታል፤ አንዱ ቂጡ ወፍሮ፣ ሌላው ሳይደርቅ ተቸኩሎበት። ይቺ ግን ስስ፣ አንገቷ ሸንቀጥ ያለ፣ በቃ ምን ልበላችሁ፣ ሙሽራ! ከእሳት በደህና ከወጣች ሚጣ ከጀማሪዎቹ ተለይታ፣ ጎበዞቹ ሸክላ የሚሠሩበት የሚሽከረከረው ሰሌዳ ላይ ትቀመጣለች። ካልወጣች ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እንደገና ጭቃ ማቡካት ነው።

የሸክላ ሥራ ትምህርት ቤቱ መደርደሪያ ጢም ስላለ ቤት ወስዳ መስኮት ሥር አደረቀቻት። በየቀኑ ጉንጯ ላይ ታስጠጋታለች፤ ሸክላው ከቀዘቀዘ ውስጡ ገና እርጥብ ነው። አንድ ቀን አልቀዘቀዛትም።

«እማዬ! ነገ እሳት ልትገባ ነው!» ብላ ቤቱን በጭፈራ ቀወጠችው።

ጠዋት ለባብሳ ብቅ ስትል እናቷ ሳፋ ላይ አጎንብሳለች። እጇ ላይ አረፋና ጭቃ ብቻ።

«አቧራ ነበረባት እኮ... ሰው ፊት ስትቀርብ ንጹሕ ትሁን ብዬ... ሚጣዬ፣ ቀለጠችብኝ!»

እሳት ያልነካው ሸክላ ውሃ ሲያገኘው እንደ ስኳር ነው። እናቷ ይህን ከየት ትወቀው? ሚጣ ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ እናቷ ጭቃውን በእጇ ልትሰበስብ ስትታገል አየችና መልሳ ዘጋችው።

ትምህርት ቤት ስትደርስ ምድጃው ሊዘጋ ነው። የእሷ ቦታ ብቻ ባዶ።

«ሙሽራሽስ?» አለ መምህሩ።

«ኮብልላ ነዋ!» አለች ጓደኛዋ፤ ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

እናቴ አጠበቻት ብትልማ አለቀ፣ እናቷ የክፍሉ መሳቂያ ሆና መክረሟ ነው።

«ከእጄ ወደቀች፣ ቲቸር።»

መምህሩ ፊቱ ጠቆረ። «እሳት ቢሰብርብሽ፣ ሌላ ሰው ቢያበላሽብሽ፣ ሌላ እድል እሰጥሽ ነበር። እጇ የማይጨብጥ ልጅ ግን ሰሌዳ ላይ አላስቀምጥም። ከጀማሪዎቹ ጋር ትደግሚያለሽ።»

እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጠችው። የምድጃው በር ጓ ብሎ ተዘጋ።

እናቷ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት። «መምህሩ ጮኸብሽ? ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ልምጣ?»

«ኧረ እማዬ ደግሞ! የእጄን ሥራ ያውቀው የለ፣ አሳለፈኝ እኮ!»

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» እናቷ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ስልኳን አነሳችና ለሚጣ አክስት ደወለች። ሚጣ ጓዳ ገብታ፣ ትራሱን ነክሳ፣ እናቷ «ልጃችን አለፈችልን!» እያለች ስትስቅ ሰማቻት።