ተዘፍዝፎ ያደረ ክዳን

ይርጋን የያዙት የእንዶድ ስልቻውን ከትከሻው ሳያወርድ ነው። ከሐሙሲት ሽቅብ ሲወጣ ሰንብቶ ደብረ ታቦር እንደ ገባ ቤቱ እንኳ አልደረሰም፤ በቀጥታ ወደ ጣሊያን ምሽግ አመራ። ለጥምቀት አንድ ትልቅ ሹም ይመጣል ተብሎ መኪናዎቹ ሁሉ ታጥበው እንዲጠብቁ ታዞ ስለነበር ቸኩሏል። በሩን የሚጠብቀው ባንዳ «መጣህ? ሲፈልጉህ ነው የዋሉት» አለው። ይርጋ ለእንዶዱ መስሎት «ይኸው፣ ስልቻ ሙሉ!» ብሎ ሳቀ። በሰደፍ ጥርሱን አወለቁት።

ምሽጉ የተሠራው በይርጋ እርሻ ላይ ነበር። የአባቱን የገብስ ማሳ ረግጠው ድንኳን ተከሉበት፣ ድንጋይ ካቡበት፣ እሱንም በገዛ መሬቱ ላይ የመኪና ሞተር አጣቢ አደረጉት። ሚስቱ አሰለፈች ይህን ባሰበች ቁጥር ደሟ ይፈላል። ይርጋ ግን ሰው የሰጠውን ሥራ አጣጥሎ መሥራት አያውቅበትም። ጢመ ቀዩ ጣሊያን መካኒክ ያሳየውን ሁሉ ልቡ ላይ ጽፎ ያዘ። የሞተሩ ክዳን እንደ ሌላው ብረት አይደለም፤ ነጭ ነው፣ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይቆጣል። ጥላሸቱ በቢላ አይፋቅም፤ በቀርከሃ ስንጥር ነው። ለብ ባለ የእንዶድ ውሃ በጨርቅ ይታሻል፣ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል፣ ወዲያው ይደርቃል። የአመድ ውሃ ግን እንዳይነካው! አንድ ቀን አሰለፈች፣ ጣሊያኖቹ ጥለውት ይርጋ ለጨው ማስቀመጫ ያመጣላትን የክዳን ስባሪ በአመድ ውሃ ልታጥብ ስትል እጇን ይዞ ጮኸባት። «ይበላዋል! እንደ ብል ይበላዋል!»

ጥምቀት ሲቀርብ ደግሞ እንዶድ ከገበያ ይጠፋል። ያገሩ ሰው ሁሉ ጋቢውንና ቀሚሱን ለታቦቱ ያነጣበታል። ይርጋም አብሮት የሚሠራውን ፈንታሁንን «እስክመለስ ምንም እንዳትነካ» ብሎ እንዶድ ፍለጋ ሐሙሲት ወረደ።

ይርጋ በሄደ ማግስት ካፒቴኑ መጣ። የአንዱ ካሚዮን ክዳን ተፈትቶ ጥላሸት እንደ ለበሰ ተቀምጧል። ፈንታሁንን በአለንጋ ጫፍ እየነካካ ነገ ጠዋት አንጽቶ እንዲያስረክብ አዘዘው። ፈንታሁን የጨነቀው ሰው፣ እናቱ እትዬ የሺ የጥምቀት ጋቢ የሚዘፈዝፉበትን የአመድ ውሃ በገንቦ አምጥቶ አፈላና ክዳኑን ልክ እንደ ጋቢ ዘፍዝፎ አሳደረው። ውሃው ሲንቸከቸክ እድፉ የሚለቅ መስሎት ደስ አለው። ሲነጋ ክዳኑ ጠቁሮ፣ ፊቱ ፈንጣጣ እንደ በላው ተበሳስቶ ወጣ። መካኒኩ ማን እንዳጠበው ሳያውቅ ክዳኑን አይቶ ተራገመ፤ ካፒቴኑ ግን የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም፣ ግጠመው አለ፣ ገጠመው። ካሚዮኑ ወታደር ጭኖ በጋይንት መንገድ ሽቅብ ሲወጣ ጉና ግርጌ ላይ ውሃውን ተፍቶ ቆመ። አርበኞች የቆመ መኪና አግኝተው ሊያልፉ ነው? ከተሳፈሩት የተመለሰ ጥቂት ነው።

አጣቢዎቹን አንዱን ከሌላው የማይለየው ካፒቴን ማን አጠበው ብሎ ጠየቀ። አጣቢው ይርጋ ነው ተባለ። ፈንታሁን በዚያ ሰዓት ከምሽጉ ጠፍቷል።

አሰለፈች ክዳኑ በአመድ ውሃ መዘፍዘፉን ከምሽጉ ሠራተኞች ሰምታ፣ ልጇን ማሩን አዝላ እትዬ የሺ ደጃፍ ደረሰች። አሮጊቷ በሩን በትከሻቸው ሞልተው ቆመዋል።

«ፈንታሁን የለም፣ ልጄ። እብናት ወርዷል።»

«ዱላው ታዲያ እዚህ ምን ይሠራል እትዬ? በዱላው ፋንታ የእርስዎን መቀነት ይዞ ወረደ?»

ከውስጥ ሳል ተሰማ። ፈንታሁን ጎንበስ ብሎ ወጣ። የማሩ የክርስትና አባት ነው፤ አበልጇ ነው። ማሩን ክርስትና ካነሣላት ጀምሮ፣ በዕድሜ ቢያንሳትም፣ አንቱ ትለው ነበር። ያን ቀን ግን አንቱ ከአፏ አልወጣ አለ።

«ይግቡ አበልጄ» አላት።

«አንተ ነህ የምትወጣው። ሂድና የዘፈዘፍኩት እኔ ነኝ፣ አላወቅሁም በላቸው።»

«ቢሰቅሉኝስ?»

«እሱን ሲሰቅሉትስ?»

«ይርጋን አይሰቅሉትም። ቀዩ መካኒክ እንኳ ይወደዋል፣ ሲጋራ ይሰጠዋል። ገርፈው ይለቁታል። እኔን ማን ያውቀኛል?»

«ገርፈው! የሱ ጀርባ የበሬ ነው?»

«እስኪ ያስቡት...»

«ስታስበው ነው የሰነበትከው? አልጋ ሥር ተኝተህ?»

እትዬ የሺ ጣልቃ ገቡ። «ተይ እንጂ። ልጅሽን አቅፎ ቤተ መቅደስ የቆመ ሰው ነው። አበልጅ በአበልጁ ላይ ለባዕድ ይናገራል?»

«አልናገርም። አይስጉ» አለች አሰለፈች። «ልጅዎን ደብቀው ያሳድጉ። ገና ሕፃን ነው።»

እስከ ቤቷ ድረስ መንገዱን አላየችውም። ስሙን ብትጠራ ይርጋ ይፈታል። ግን አበልጅን ለጣሊያን አሳልፎ መስጠት! ይርጋ ራሱ ቢፈታ ምን ይላታል? ማሩ ሲያድግስ? እንዲህ ስትንገበገብ ዓይኗ የጨው ማስቀመጫው ላይ አረፈ። ስም ሳትጠራ ነገሩን ብቻ ብታሳያቸውስ? ተንኮል ሳይሆን ያላወቀ ሰው ስሕተት መሆኑን ዓይናቸው ካየ፣ ይርጋም ይተርፋል፣ ያም ፈሪ ይተርፋል። ጨውን ገለበጠች፣ ስባሪውን በድንጋይ ሁለት ቦታ ከፈለችው።

ምሽጉ በር ላይ ካፒቴኑን ካላገኘሁ ብላ እስኪሰለቿት ጮኸች። በመጨረሻ አስገቧት። ካፒቴኑ ከሸራው ጥላ ሥር ተቀምጧል፤ መካኒኩ ጎማ ላይ ተደግፎ ያጨሳል። ወርቁ የሚባለው ቱርጁማን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። አሰለፈች አንዱን ስባሪ በእንዶድ ውሃ፣ ሌላውን ከወጥ ቤታቸው እሳት ላይ ባሞቀችው የአመድ ውሃ ከተተችው።

«እዩት በላቸው» አለችው ወርቁን። «ባሌ ብረታቸውን አልመረዘም። ይህ ገላ የምናጥብበት፣ ልብስ የምናነጣበት አመድ ነው። እኛ አገር መርዝ አይባልም።»

በእንዶዱ ያለው ዝም አለ። በአመዱ ያለው ግን ወዲያው አረፋ ደፍቆ ይንቸከቸክ ጀመር። ቆየት ብላ በእንጨት ስታወጣው ጠቁሯል። መካኒኩ ሲጋራውን ጥሎ መጣ፤ ስባሪዎቹን ተቀብሎ እያገላበጠ ለካፒቴኑ ብዙ ተናገረ።

«እውነቷን ነው ይላል» አለ ወርቁ። «አመድ ነው የበላው ይላል።»

አሰለፈች ይርጋን ከያዙት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈሰች። ካፒቴኑ ፈገግ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀ።

«ባልሽ ይህን ያውቅ ነበር ወይ ይሉሻል።»

ንዴቷ ገና አልበረደም፤ ኩራትም ታከለበት። «ያውቃል እንጂ! ከሱ በላይ ማን ያውቃል? እኔን እንኳ ቤቴ ድረስ አመድ እንዳልነካበት እጄን ይዞ የሚጮህ ሰው ነው!»

ወርቁ አልተረጎመም። ዝቅ አድርጎ ዓይኗን አያት። «ሴትዮ፣ ያልሽው ገብቶሻል?»

መካኒኩ ቀድሞ፣ የተማሪውን ስም የሚያድን መስሎት ሳይሆን አይቀርም፣ ደረቱን እየመታ አወራ። ወርቁ መተርጎም አላስፈለገውም፤ «ይርጋ» የሚለው ስምና ያ የኩራት እጅ በቂ ነበር። እኔ አስተምሬዋለሁ፣ ያውቃል እያለ ነው። የካፒቴኑ ፈገግታ ሰፋ። የሚያውቅ ሰው ዘፍዝፎ ካሳደረው፣ ያ ስሕተት አይባልማ።

«እሱ አልነበረም!» ብላ ጮኸች። «ሐሙሲት ነበር! እንዶድ ሊያመጣ ሄዶ!»

«ማን ነበር ታዲያ ይላሉ።»

ማሩ ጀርባዋ ላይ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ማተቡም፣ አበልጅነቱም፣ የአገር ሐሜቱም ከፊቷ ጠፋ። «ፈንታሁን ነው! የየሺ ልጅ ፈንታሁን! እናቱ ቤት ተደብቋል!»

ወርቁ ወደ ካፒቴኑ ዞሮ አጭር ቃል ተናገረ። ስሙ በውስጡ አልነበረም።

«አላልክም!» አለች። «ስሙን አልጠራህም! ንገራቸው!»

«አንድ ሰው ይበቃቸዋል፣ እኅቴ» አለ ወርቁ፣ ፊቱን ወደ ካፒቴኑ እንዳደረገ። «ይርጋን ከእንግዲህ አይለቁትም። ሁለተኛ በአፌ አልጨምርላቸውም።»

«አንተ ማነህ? አንተ ማነህ የምትመርጥ!» ዘላ ኮቱን ያዘችው። ራሷ ወደ ካፒቴኑ ዞራ «ፈንታሁን! ፈንታሁን!» እያለች ጮኸች። መካኒኩ ወደ ሞተሮቹ ተመልሷል፤ ለካፒቴኑ ደግሞ የሴት ዋይታ ነው፤ በእጁ ምልክት ሰጠ፣ ጎትተው ከበሩ ውጭ ጣሏት።

ይርጋን የከተራ ዕለት ገበያው ዳር ሰቀሉት። ሕዝቡ ታቦት ሊሸኝ ነጭ ለብሶ እንደ ወጣ በአጠገቡ እያሳለፉ ሬሳውን አሳዩት። ሬሳውን የሰጧት በልመና ነው።

ልቅሶ ላይ ፈንታሁን መጣ። እብናት ወርዷል የተባለው ሰው! ደረቱን እየደቃ፣ ከሁሉ በላይ እየጮኸ፣ «ወንድሜን! አበልጄን!» እያለ ከድንኳኑ መካከል ወደቀ። ሰዎች ይዘው አነሡት፣ «አይዞህ፣ እግዜር ያጽናህ» አሉት። አሰለፈች ፀጉሯን ተላጭታ፣ እንባዋ ደርቆ ታየው ነበር። ብድግ አለች። አልቃሿ ዝም አለች።

«የጣሊያኑን ክዳን የዘፈዘፈው እሱ ነው» አለች፤ ዜማ የለውም፣ ልቅሶም የለበትም፤ ሥራ የምታዝ ትመስላለች። «አላወቀም ነበር፣ ለዚህ አልከሰውም። ግን ባሌ ታስሮ ሳለ አልጋ ሥር ተኛ። ለጣሊያን ነግሬበት ነበር፣ አላተረፈልኝም። አሁን ለናንተ እነግራለሁ።»

የነፍስ አባቷ አባ ገብረየሱስ መስቀላቸውን አንሥተው «ልጄ፣ አበልጅሽ ነው፣ ተይ» አሏት።

«አውቃለሁ አባ። ለጣሊያንም አሳልፌ ስሰጠው አውቅ ነበር። ይፍቱኝ ካሉ ኋላ ይፍቱኝ፤ ዛሬ ግን ከፊቴ ይነሣ።»

ፈንታሁን አንገቱን ደፍቶ ከድንኳኑ ወጣ። የያዙት እጆች አንድ በአንድ ለቀቁት። ይህን ጊዜ እናቱ፣ እትዬ የሺ፣ እዝን የሞላ ትልቅ መሶብ ተሸክመው በዚያው በር ገቡ፤ የተባለውን ከውጭ ሰምተዋል። አሰለፈች ቀርባ መሶቡን ነካ አደረገችው።

«ይመልሱት እትዬ። እኔና ልጄ ከእርስዎ ቤት እህል አንቀምስም።»

አሮጊቷ መሶቡን በራሳቸው ላይ እንደ ያዙ ወደ ለቀስተኛው ተመለከቱ። ጎረቤቶቻቸው ሁሉ፣ እኅቶቻቸው ሳይቀሩ እዚያ ነበሩ። ላውርድልዎ ብሎ የተነሣ ሰው አልነበረም።