አራተኛው እንቁላል

የሟቹ እህት አንሶላውን ቴሌቪዥኑ ላይ ጣለችበት። ጠርዙን ሳብ፣ ማዕዘኑን ደልደል አድርጋ ስትጨርስ ወደ ለቀስተኛው ዞረች።

«ለቅሶ ቤት ነው፤ ሲኒማ ቤት አይደለም!»

ለቀስተኛው አንገቱን ደፋ።  ወዲያው ከአንሶላው ሥር «ቺያክ! ቺያክ! ቺያክ!» የሚል ጩኸት ተነሣ።

«ለጫጩቶቹ ምሳ መጣላቸው» አለ ባለ ሥጋ ቤቱ በሹክሹክታ።

«ርግብ ነው?» አለ ከጎኑ የተቀመጠው ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር።

«አንሶላ ለብሶ በምን ልወቅ?»

ሚስትየው ጥቁሯን ለብሳ ሶፋው ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ከቀብር ከተመለሰች ወዲህ ከአፏ የወጣው «ተቀመጡ» እና «ሻይ ጠጡ» ብቻ ነበር። አሁን ቀና አለች።

«እትዬ፣ አንሶላው ይነሣ።»

«ምን አልሽ?»

«አራተኛው እንቁላል ገና አልተፈለፈለም።»

እህትየው ሐዘን ጭንቅላት ላይ ሲወጣ አይታ ታውቃለች፤ እንዲህ በፍጥነት ሲወጣ ግን አላየችም። አጠገቧ ወዳለችው ሴት ጎንበስ ብላ «ውሃ አምጡላት» አለች። ሚስትየው ውሃውን ሳትጠብቅ ተነሣች፤ አንሶላውን ገፈፈች፤ አራት ቦታ አጥፋ ለእህትየው አስታቀፈቻትና ተመልሳ ተቀመጠች።

ስክሪኑ ወለል ብሎ ታየ። በመሀል ከተማው ረጅም ሕንፃ ጣሪያ ጠርዝ ላይ ጠጠር የተሞላ ሳጥን አለ። ሳጥኑ ውስጥ እናቲቱ ጭልፊት ርግብ ረግጣ ትቦጭቃለች። ሦስት ጥጥ የመሰሉ ጫጩቶች አፋቸውን ከፍተው ይጮኻሉ። ከጎናቸው ቡናማ እንቁላል አለ፤ ድምፅ የለው፣ ንቅናቄ የለው። አንድ ደግ ሰው ሳጥኑ ላይ ካሜራ ስለገጠመ ጎጆው ሌት ተቀን በቀጥታ በኢንተርኔት ይተላለፋል።

«ሬሳ በወጣበት ቤት ሬሳ ሲበለት!» አለች እህትየው።

«አበላለቷን ግን ይዩት እትዬ» አለ ባለ ሥጋ ቤቱ፤ «አጥንት አትነካም። እኔ ዘንድ እንዲህ ያለ እጅ ቢኖር!»

ሟቹ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሠሪ ነበር። ከወጥ ቤቱ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል የሰፈሩን መንጋጋ ሁሉ በጀሶ ቀርጾ መደርደሪያ ላይ ሰልፍ አስይዞታል። በቀብሩ ዕለት እሪ ካለው ሕዝብ ግማሹ እሪ ያለው በእሱ ጥርስ ነው፤ ያዘነ ሁሉ የእጁን ሥራ እያሳየ አለቀሰለት። ጥርስ ሲሞርድ ፊት ለፊቱ፣ በክፍሏ ትንሽ ስክሪን ላይ፣ ጭልፊቷ አለች። ከቤቱ ሰው ይልቅ እሷን የሚያይበት ሰዓት ይበዛ ነበርና ሚስትየው «ጣውንቴ» የሚል ስም አወጣችላት። ጠዋት ጠዋት ሻዩን ስታስቀምጥለት «ጣውንቴ እንዴት አደረች?» ትለው ነበር፤ እሱም በቁም ነገር «ደህና ናት፣ ነፋሱ ትንሽ አስቸገራት» ይላል።

«ደግ ሰው ነበር» አለ ሹፌሩ ሻዩን እያማሰለ። «የደረጃው መስኮት ነገር እንኳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከኔ ጋር ነበር። ‹ይከፈት፣ ልክ ነህ› ብሎኛል።»

ባለ ሥጋ ቤቱ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ለኔ ነዋ ‹ይዘጋ፣ ልክ ነህ› ያሉኝ!»

«መቼ?»

«መንጋጋዬን ሲለኩኝ።»

«እኔንም ሲለካኝ ነው!»

ሁለቱ ለስንት ዘመን በዚያ መስኮት ተኳርፈዋል፤ ሁለቱም አንድ ምስክር ቆጥረው ኖረዋል። እኩል ወደ ሚስትየው ዞሩ።

«ለሁለታችሁም ብሏችኋል» አለች። «ለኔም ብሎኛል። ለጀሶ ነጋዴውም ብሎታል።»

እውነቷን ነው። ሰውየው በዕድሜው ሙሉ ከማንም ጋር ተከራክሮ አያውቅም። በትዳራቸው መጀመሪያ ሚስትየው ይህን እንደ በረከት ቆጠረችው፤ ቆይቶ አንጀቷን ያሳርራት ጀመር። ከግድግዳ ጋር ቢጣሉ እንኳ ግድግዳው ያማል፤ እሱን ቢገፉት ግን ይጎዘጎዛል። አንድ ሐሙስ ቀን ሆን ብላ «ዛሬ እሑድ ነው» አለችው። «ልክ ነሽ እመቤት» ብሎ የሥራ ካፖርቱን አውልቆ ሰቀለ። ያን ዕለት ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ሁልጊዜ ያሸነፈች ሴት ናት፤ አንድም ቀን ግን የድል ጣዕሙን አልቀመሰችም።

ሦስቱ እንቁላሎች ከተፈለፈሉ በኋላ ነው ነገሩ የመጣው። ሻይ ይዛ ገባች፤ ስክሪኑን አየች። «ይሄኛውስ ባዶ ነው» አለች እንዲሁ።

ሞረዱን አስቀመጠ። «ይፈለፈላል።»

ማቀዝቀዣው አፍ አውጥቶ ቢያናግራት እንዲህ አትደነግጥም ነበር። «ልክ ነሽ»ን ጠበቀች። የውሃ ሽታ ሆነ።

«አይፈለፈልም አልኩህ እኮ!»

«ይፈለፈላል እመቤት። በመንቁሯ እያገላበጠችው ነው። እናት ባዶ ነገር አታገላብጥም።»

«ወፍ ምኑን ታውቀዋለች?»

«ካንቺም ከኔም ታውቃለች። ይቺን አልለቅልሽም!»

ምሳ ላይ ተከራከሩ። ልብስ እያጠፉ ተከራከሩ። አንድ ጊዜማ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ፤ ከዚያ የመታውን መዳፉን ራሱ በመገረም አየው። እሷ ፊቷን አኮሳትራ ወጥ ቤት ገባችና በሩን ዘግታ፣ ጎንበስ ብላ እስክትደክም ሳቀች። ስታረጅ ባል አገባች። በማግስቱ ጀሶ ልግዛ ብሎ ወጣ። «ስመለስ እንጨርሰዋለን» አላት ከደጃፍ። ሱቁ በር ላይ ልቡ ቆመ።

እንግዲህ የቀረው እንቁላሉ ነው። ከተፈለፈለ ሰውየው በዕድሜው አንዴ የተሟገተለት ነገር እውነት ሆነ ማለት ነው። ካልተፈለፈለ እሷ አሸነፈች፤ ላይመለስ። ከአምላኳ ዘንድ ሽንፈት የምትለምን ሴት ሆና ተቀመጠች።

የለቅሶው ቀናት በዚህ አለፉ። ወሬው ደረጃውን ወርዶ ሰፈሩን አዳረሰ፤ ሊያጽናና የሚመጣው ሰው ስክሪኑን የሚያሳይ ወንበር እየመረጠ መቀመጥ ጀመረ። የሟቹ የሥራ ባልደረባ ከደረጃው ጀምሮ «ወንድሜ! ወንድሜ!» እያለ ገባ፤ ደረቱን እየመታ ቀና ሲል ጎጆውን አየና «ተፈለፈለ እንዴ?» አለ። ገና ነው ሲሉት «ወንድሜ!» ብሎ ካቆመበት ቀጠለ። ባለ ሥጋ ቤቱ «እኔ የሞተ ነገር አውቃለሁ፤ ይሄ አብቅቶለታል» ይላል። ሹፌሩ «አንተ የምታውቀው የሞተ ብቻ ስለሆነ ነው» ይለዋል። እህትየው ጀርባዋን ለስክሪኑ ሰጥታ ተቀመጠች፤ ነገር ግን ፊት ለፊቷ ያለው ቁም ሣጥን መስተዋት ነበረው።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት፣ ወንበሮቹ ሊመለሱ ደጃፍ ላይ ተደርድረው ሳለ፣ እናቲቱ ከጫጩቶቿ ላይ ተነሣች። እንቁላሉ ዘንድ ሄደች። አንገቷን አዘንብላ አየችው። በመንቁሯ ከሥሩ ገፋ፣ ገፋ አድርጋ ወደ ሳጥኑ ጥግ አንከባለለችውና ተመልሳ በጫጩቶቿ ላይ ክንፏን ዘረጋች።

 ባለ ሥጋ ቤቱ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ነፍስ ይማር» አለ ሳያስበው።

«አሜን» አለ ቤቱ በሙሉ።

ሹፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ። የሚያጽናና ቃል ፈልጎ ያገኘው አንድ ብቻ ነበር። «ልክ ነበርሽ እህቴ።»

«እርስዎ ልክ ነበሩ» አላት ባልደረባውም። «ልክ ነበረች» ተባለ ከኋላ። ሚስትየው ፊታቸውን ተራ በተራ አየች፤ ሁሉም ባሏ በሠራላቸው ጥርስ ነው ልክ ነሽ የሚሏት። እስካሁን አንዲት ዘለላ እንባ ያልወጣው ዓይኗ ሞላ።

እህትየው ልቧ ራራ። መጥታ ትከሻዋን ነካ አደረገች። «በቃ የኔ እናት። እንግዲህ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ።»

«አይጠፋም።»

«አለቀ እኮ!»

«ማን አለ? ቦታ ቀየረችለት እንጂ ጣለችው?» ድምፅዋ ከፍ አለ። «ጥግ ላይ ነፋስ የለም። ይፈለፈላል!»

ባለ ሥጋ ቤቱ አፉን ከፈተ፤ ሹፌሩ በክርኑ ጎሸም አደረገውና ዘጋው። እህትየው ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ሪሞት እጇን ሰደደች። ሚስትየው ቀደመቻት። ሪሞቱን አፈፍ አድርጋ ሶፋው ላይ አስቀመጠችና ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ቀስ ብላ ተቀመጠችበት። እስኪመቻት ድረስ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ተደላደለች።