በበሽተኞቹ ቦታ

"የታመሙትን ብቻ እኮ ነው የነቀልኩት፤ ምን አጠፋሁ?" አሉ አትክልተኛው።

"እኔ የምፈልገው እኮ የታመሙትን ነበር፣ ጋሼ!"

"በሽተኛ ቲማቲም ምን ያደርግልሻል፣ ልጄ? ሌላውን ሳይጨርስ ነቅዬ አቃጠልኩት። አፈሩን ቀይሬ፣ ከችግኝ ጣቢያው ቁመቱ የሚመጥነውን መርጬ ተካሁልሽ። ቁጥር የተጻፈበትንም እንጨት እንዳይጠፋብሽ እዚያው ሰካሁት። ታመሰግነኛለች ስል!"

ተመራማሪዋ በፕላስቲክ ቤቱ ረድፎች መካከል ቆማ ተክሎቹን ቃኘች። ዓርብ ትታ የሄደችው ግማሹ የጠወለገ፣ ግማሹ የለመለመ ሁለት መቶ ተክል ነበር። በሽታውን በየሥራቸው ያፈሰሰችው ራሷ ናት። ዛሬ ከእያንዳንዱ ቅጠል ቆርጣ፣ የታመሙትን ዘረመል ከጤነኞቹ ጋር አስተያይታ፣ በሽታውን የሚቋቋመው ባሕርይ ዘረመሉ ውስጥ የቱ ጋ እንደተቀመጠ ልትፈልግ ነበር። አሁን ሁሉም እንደ ሰልፈኛ ተማሪ ቀጥ ብለው አረንጓዴ ሆነዋል። ለአትክልተኛው የነገረቻቸው "ውሃ ያጠጡልኝ" ብቻ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አበሸቃት።

ጩኸቱን ሰምተው የሷ ኃላፊ የሆኑት ዶክተር ገቡ። ነገሩን እስከ መጨረሻው አልሰሙም።

"ቁጥሩ አለ?"

"አለ።"

"ቅጠሉስ?"

"አለ፤ ግን የዚያ ተክል አይደለም።"

"ውሰጂና ጨርሺዋ! ቲማቲም መታወቂያ አይጠየቅም።"

"ገበሬው ሲዘራው ይጠይቀዋል፣ ዶክተር።"

"የጥናት ውልሽ ሁለት ወር ነው የቀረው። እንደገና ልዝራ ብትዪ አራት ወር ነው። ማን ይከፍልሻል? እኔ በዚህ ወር መጨረሻ ሪፖርት አለብኝ።"

ሒሳቡን ታውቀዋለች። ለእናቷ "ዘንድሮ እመረቃለሁ" ማለት ከጀመረች እንኳ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። መቀሱን አነሳች። አሥራ ሰባት ቁጥር ላይ ጎንበስ አለች። ችግኙ ያምራል፤ ቅጠሉ ወፍራም፣ ግንዱ ደንዳና። በመዝገቧ ግን አሥራ ሰባት ቁጥር በስድስተኛው ቀን ነው የጠወለገው።

"ሁሉም ያንተ ጥፋት ነው!" ዶክተሩ ወደ አትክልተኛው ዞሩ። "ማን ንቀል አለህ?"

"ታዲያ ተክል ሲሞት እጄን አጣጥፌ ልይ? ሠላሳ ዓመት እንዲያ ነው የሠራሁት?"

"እዚህ እርሻ መሰለህ?"

"እርሻ ካልሆነ ቲማቲሙ ምን ይሠራል?"

እነሱ ሲጯጯሁ እሷ መቀሱን ኪሷ ከተተች። የቁጥሩን እንጨት ከአሥራ ሰባት ነቀለች። ቀጥሎ ከሃያ አንድ፣ ቀጥሎ ከሃያ አራት፤ ባዕድ በተተከለበት ሁሉ እየዞረች ነቀለች። ከመደርደሪያው ላይ የነዚያው ተክሎች ወንድምና እህት የሆነው ትርፍ ዘር ያለበትን ካርቶን አወረደች፣ በብብቷ ያዘችና በጓሮው በር ወደ ችግኝ ጣቢያው ወጣች።

"ለመሆኑ አንተን የቀጠረህ ማነው?" ይላሉ ዶክተሩ።

"እርስዎ ነዎት!"

የበሩ ፕላስቲክ ተመልሶ ሲጋረድ ሁለቱም ቀና አላሉም።