የእትዬ ተሻለች «አዙሪው!»

ኮልፌ ገበያ ቅቤ ነጋዴ ሆኖ እትዬ ተሻለችን የማይፈራ አልነበረም። በአንዲት ጣት ቀምሰው «ይሄን ለማያውቅ ሽጪው!» ካሉ አለቀ። እንዲህ ያሉ ሴትዮ የምራታቸውን የጡት ወተት አይተው «ውሃ ነው» ሲሉ ማን ይከራከራል?

ዋጋነሽ ግን በልቧ ተከራከረች። የመጀመሪያ ልጇ ደመቀ ሦስት ወር ሊሞላው ነው፤ ክብደቱ ካለበት ንቅንቅ አላለም። ሲጠባ ይውላል፣ ሲያለቅስ ያድራል። እትዬ ተሻለች ጠዋት ጠዋት ከጡቷ ጠብታ ጥፍራቸው ላይ ያደርጉና ወደ ብርሃን ያዩታል፤ ጠብታው ወርዶ ይሄዳል። «አየሽ? ስብ ያለው ወተት እንዲህ ይሮጣል?» ከዚያ ሁለቱ ጡቶች እንዳይበላለጡ ብለው አጠገቧ ቁጭ ይላሉ፤ ልጁ ገና ትንሽ ሲስብ «አዙሪው!» ታዞረዋለች። «አዙሪው!» መልሳ ታዞረዋለች።

በመጨረሻ ቆረጡ፤ «ሰኞ ዱባለ ተሰልፎ የጣሳ ወተት ያመጣል። ጡቱ ይብቃው!» ዱባለ፣ ልጃቸውና የዋጋነሽ ባል፣ በእናቱና በሚስቱ መሀል ከሚገባ ቀኑን ሙሉ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ቢቀመጥ ይመርጣል።

ዋጋነሽ ልጄን ከደረቴ ሊነጥሉብኝ ነው ብላ አለቀሰች፤ ከዚያም «እማማ፣ መጀመሪያ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ትየው» ብላ ለመነቻቸው።

«ትየው! ያው ነው የምትልሽ» አሉ።

አርብ ጠዋት ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተራ ሲጠብቁ ደመቀ ተነጫነጨ፤ ዋጋነሽ ጡቷን ሰጠችው። ወዲያው «አዙሪው!» የሚለው ድምፅ ግቢውን ሞላው። ሲስተር ቀለመወርቅ ከምትጽፈው ካርድ ቀና አለች።

«እማማ፣ ለምንድነው የምታዞረው?»

«እኩል እንዲጠባ ነዋ!»

«በሞቴ! ልጁን ሳይጠግብ ከማዕድ እያስነሱት እኮ ነው» ብላ ሳቀች። «መጀመሪያ የሚመጣው ቀጠን ያለ ነው፤ ጥም ይቆርጣል። ስቡ የሚበዛው ወደ መጨረሻው ነው። የሚያወፍረው እሱ ነው፣ ለአእምሮውም የሚሆነው እሱ ነው። አንዱን ጠብቶ ራሱ እስኪተው አይንኩት።»

«ሠላሳ ዓመት ቅቤ የሸጥኩትን ሴትዮ ስለ ስብ ልታስተምረኝ!» እያሉ መንገዱን ሁሉ ተቆጡ። ቤት ሲደርሱ ግን ሁለት ብርጭቆ አጥበው አመጡ። «ወተት ሲያርፍ ስቡ ይንሳፈፋል፤ ይሄን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እናየዋለን!»

ዋጋነሽ ልጁ ሳይጠባ ትንሽ አለበችና አንዱ ብርጭቆ ውስጥ አደረገች። ከዚያ ደመቀ መጥባት ጀመረ። እትዬ ተሻለች ሦስት ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሦስት ጊዜ በእጃቸው ከደኑት። ልጁ ጠባ፣ ጠባ፣ ራሱ ለቀቀና አፉን ከፍቶ ተኛ። የቀረችውን በሁለተኛው ብርጭቆ አለበች፤ ሁለቱንም ከድነው አስቀመጡ።

አሥር ሰዓት ላይ ክዳኑን አነሡ። የመጀመሪያው ላይ የሰፈፈው ስስ ነው፤ ሁለተኛው ላይ ወፍራም፣ ቢጫ ስብ ተኝቷል። እትዬ ተሻለች ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ። ዋጋነሽ ጠጋ አለች።

«እንዴት ነው፣ እማማ?»

«ቅቤ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «የጣሳው ነገር ይቅር።»

ዋጋነሽ በደስታ እልል ልትል ስትል ፊታቸውን አየችና ተወችው። እትዬ ተሻለች አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለዋል።

«ዱባለን የወለድኩ ጊዜ አማቴ እንዲሁ ጥፍራቸው ላይ አድርገው አዩና ‹ያንቺስ ውሃ ነው› አሉኝ። ጡቴን በመቀነት አስረው አደረቁት፤ ልጄን ጎረቤት አጠባችልኝ። ይኸው እስከ ዛሬ፣ ልጇን ማጥባት ያቃታት እናት ነኝ ብዬ አፍሬ ኖርኩ።»

ዋጋነሽ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። መጀመሪያ አለቀሱ፤ በኋላ ሳቁ አልቆም አላቸው። ዱባለ ከሥራ ሲገባ ሁለቱም እንባቸውን እየጠረጉ ሲንከተከቱ ደረሰ። እናቱ ተነሥተው ጉንጩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ዱቤ፣ የእኔም እኮ ውሃ አልነበረም!»

ምን እንደሆነ አልገባውም። «እሺ፣ እማዬ» አለና ግንባራቸውን ሳማቸው።