ማንም የሌለኝ አገር

«ፖርቱጋል ማን አለህ?» አለችኝ እትዬ ዙለይሃ፣ ከእኔ አፓርታማ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብላ የምትኖረው ጎረቤቴ።

«ማንም።»

«ለሥራ ነው?»

«አይ። ሦስት ሳምንት የባሕሩን ዳር ይዤ በእግሬ ልሄድ ነው።»

ግንባሬን በመዳፏ ዳሰሰችው። «ትኩሳት እንኳ የለህም» አለች፣ ቅር እያላት።

አምስት ዓመት ሙሉ ሚኒያፖሊስ አጠገብ፣ ኤደን ፕሬሪ ያለ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ላይ አድራሻ ስለጥፍ ኖሬያለሁ። ካርቶኖቹ ሁሉ የሚሄዱበትን ያውቃሉ። እኔ ደግሞ ለሦስት ሳምንት ብቻ አድራሻ የሌለው ነገር መሆን አማረኝ። ኖቬምበር ላይ ወደ ባሕር የሚሄድ ጤነኛ ስለሌለ ቲኬቱም ርካሽ ነበር።

ጉዞዬን የነገርኩት የቅዳሜ ሺፍቴን ለሚሸፍንልኝ ለነገሪ ብቻ ነው። ነገሪ ምስጢር ጠባቂ ነው፤ የሚጠብቀው ስልክ እስኪያገኝ ነው እንጂ፤ እትዬ ዙለይሃም የሰማችው ከእሱ ነው። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ደጄ ላይ አራት ፌስታል ተደርድሯል። አንዱ ለሮም፣ ሁለቱ ለፍራንክፈርት፣ አንዱ ለስቶክሆልም። ለየባለቤቶቹ ደውዬ «እኔ የምሄደው ፖርቱጋል ነው» ብል፣ ሁሉም ተነጋግረው ያደሩ ይመስል «ታዲያ አውሮፓ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ካርታ ይዤ ቤት ለቤት እየዞርኩ ፌስታሎቹን መለስኩ።

እትዬ ዙለይሃ በእጇ ያመጣችልኝን ጥቅል ግን መመለስ አልቻልኩም። የእህቷ ልጅ ኢቅራ፣ አላህ ሲፈርድብኝ፣ እዚያው ፖርቱጋል በደቡቡ ባሕር ዳር ሆቴል ትሠራለች። አራት ኪሎ በርበሬ፣ ሁለት ኪሎ ሽሮ።

«መንገድህ ላይ ናት» አለችኝ።

«መንገዴ በየት እንደሆነ እኔም አላውቅ፣ እትዬ።»

«ይኸው አወቅህ።»

ከሻንጣዬ የመኝታ ከረጢቴን አወጣሁና በርበሬው በቦታው ገባ።

ሆቴሉ ጋ ስደርስ መስኮቶቹ ተዘግተዋል፤ ወንበሮቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው በሰንሰለት ታስረዋል። አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ብቻ አለ። «ኢቅራ?» ስለው የቀን መቁጠሪያ አምጥቶ ጣቱን ኤፕሪል ላይ አሳረፈ። ከዚያ በእጁ ሩቅ፣ በጣም ሩቅ፣ አሳየኝ።

ለእትዬ ዙለይሃ ደወልኩ።

«ሆቴሉ ለክረምት ተዘግቷል። ሠራተኛው ሁሉ የለም፤ እስከ ኤፕሪል አይመጣም።»

«ጠብቃታ!»

«አምስት ወር እኮ ነው፣ እትዬ!»

«እንዴ፣ ሥራ ለቀህ አይደል እንዴ የሄድከው?»

ሽማግሌው ጭንቄ ገባው። ጥቅሉን ተቀብሎ የሆቴሉ ወጥ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠ፣ የኢቅራን ስም ለጠፈበት፣ ቆለፈ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ሻንጣዬን በጀርባዬ አዝዬ ወጣሁ። ባሕሩ በግራዬ፣ ነፋሱ ከፊቴ፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ያለ አድራሻ ሄድኩ።

ከዚያ አይጥ ትዝ አለችኝ። የአይጥ ነገር ሳያልቅ እርጥበት ተከተለ። ደግሞስ ሽማግሌው ምን እንደሆነ ለማየት ከፍቶ ቢያሸትና ዓይኑ ቢጠፋስ? ተመለስኩ። ቁም ሳጥኑ እንደተቆለፈ ነው። በማግስቱ ሁለት መንደር አልፌ ሄድኩና በአውቶቡስ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው ከሩቅ ሲያየኝ ሳቀ። በአምስተኛው አልሳቀም። እኔም መቀመጥ አቃተኝ፣ መሄድም አቃተኝ፤ አንድ ሳምንት ሙሉ እንደ ታሰረ በግ በገመዴ ልክ ዞርኩ።

በሰባተኛው ቀን ሽማግሌው ቁልፉን አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረ፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈልኝ፤ ትከሻዬን ይዞ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞረና ገፋ አደረገኝ።

ያኔ ሄድኩ! የተጠቀለሉ ጃንጥላዎች፣ ባዶ ምግብ ቤቶች፣ ከአንዱ መንደር እስከ ሌላው የሸኘኝ ውሻ። የት ትሄዳለህ፣ ማን አለህ የሚለኝ የለም። ልቤ በተጠራጠረ ቁጥር ኪሴን እነካለሁ፤ ቁልፉ አለ። የቆለፉት ነገር የት ይሄዳል?

ሚኒያፖሊስ ተመልሼ፣ በረዶ ላይ ቆሜ በደነዘዘ እጄ የቤቴን ቁልፍ ስፈልግ፣ ኪሴ ሁለት ቁልፍ ሰጠኝ፤ አንዱ የቁም ሳጥኑ።

እትዬ ዙለይሃ ደረጃው ላይ ትጠብቀኛለች። «አደረስክላት?»

«በደንብ ተቆልፎ ተቀምጦላታል።»

«ጎሽ የኔ ልጅ! ቁልፉስ ማን ጋ ነው?»

እጄ ወደ ኪሴ ሄደ። ሳልነግራት ገባት።

በፖስታ እንዳልልክ የሆቴሉ ፖስታ ሣጥን በፕላስቲክ ታሽጎ በዓይኔ አይቻለሁ። ቁም ሳጥኑን ይስበሩት እንዳልል፣ የሰው ንብረት ነው። ኤፕሪል ደግሞ ይመጣል። እንቅልፌ ሄደ። መጋዘን ውስጥ ካርቶን በያዝኩ ቁጥር አድራሻውን አነባለሁ፤ አንድም ወደዚያ የሚሄድ የለም።

ማርች መጨረሻ ላይ የነገሪ እህት ሲምቦ ጉዞ እንዳላት ሰማሁ። ወሬውን የነገረኝ ራሱ ነገሪ ነው፤ ምስጢር ነው ብሎ። በዚያው ምሽት ብሩክሊን ፓርክ፣ ቤቷ ድረስ ድራይቭ አድርጌ በሯን አንኳኳሁ። ዚፑ እንቢ ያለ ሻንጣዋን በጉልበቷ ተጭናለች። ፊቴን አይደለም ያየችው፣ እጄን ነው።

«ባህሩዲን፣ እኔ እኮ የምሄደው ፍራንክፈርት ነው!»

«አውቃለሁ» አልኳት ቁልፉን እየዘረጋሁ፤ «ታዲያ አውሮፓ አይደለም እንዴ?»