እሑድ እሑድ የሚብስበት ላፕቶፕ

ላፕቶፑ አርጅቷል ያለ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ፊቷ ቀርቦ የተናገረውን እንዲውጥ ጡረተኛዋ የላቦራቶሪ ባለሙያ በልቧ ቀጠሮ ከያዘች ሁለት ወር ሆኗታል።

እርግጥ አርጅቷል። ማጠፊያው ላልቶ፣ ክዳኑ ከጀርባው ወፍራም መጽሐፍ ካልተደገፈ ወደ ኋላ ይወድቃል። የሁለት ቁልፎች ፊደል ተፍቆ ጠፍቷል። ባትሪው ከሶኬት ከተነቀለ ሩብ ሰዓት አይቆይም። ግን ማርጀት ሌላ፣ መንቀርፈፍ ሌላ። እሷም ስልሳ ሁለት ሞልቷታል፤ ታዲያ በሥራዋ ማን ቀድሟት ያውቃል?

ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል ምድር ቤት ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ ደም ስታነብ የኖረች የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ጡረታ ስትወጣም ዓይኗን የሚያውቁ ሰዎች አልተዋትም። ከሩቅ ጤና ጣቢያዎች ለወባ ምርመራ የተወሰደ ደም መስታወት ላይ ተቀብቶ፣ ቀለም ተነክሮ፣ ፎቶ ተነሥቶ ወደ አንድ የምርመራ ማዕከል ድረ ገጽ ይገባል። እሷ ደግሞ ቤቷ ቁጭ ብላ፣ በብሮውዘር እየከፈተች ለሁለተኛ ጊዜ ታነበዋለች። የመጀመሪያው አንባቢ ያመለጠውን ትይዛለች፣ የሌለውን አለ ያለውንም ታርማለች። በቀን አርባ ናሙና። ማዕከሉ ለጥንቃቄ ብሎ የሚያሠራው አስቀድሞ በተመዘገበ ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ በእሷ ስም የተመዘገበው ይኸው አሮጌ ላፕቶፕ ነው።

ከሁለት ወር በፊት አንዱ ፎቶ በሦስት ሴኮንድ ይከፈት ነበር። ከዚያ ስምንት ሆነ፣ ከዚያ ሃያ፣ አሁን ደግሞ ደቂቃ ተኩል። አንድ ናሙና ደግሞ ብዙ ፎቶ አለው። አርባው ቀርቶ አሥራ ሁለት መጨረስ ብርቅ ሆነባት።

ሐሙስ ዕለት የማዕከሉ ኃላፊ ደወለ። ይህ ሰው ጀማሪ ሳለ መስታወት አያያዝ ያስተማረችው እሷ ናት፤ የትኛው ወገን ደም እንዳለበት እንኳ ለይቶ አያውቅም ነበር።

«ምን መሰለዎት፣ ዓይንም እኮ ይደክማል» አላት ድምፁን አለስልሶ። «ነገ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አርባውን ካልጨረሱ ግን ከሰኞ ጀምሮ ለሌላ አንባቢ ልንሰጠው ነው። እርስዎም ትንሽ ቢያርፉ ይሻላል።»

«ዓይኔ አልደከመም። ገጹ ነው የማይከፈተው።»

«ሌሎቹ ጋ ይከፈታል እኮ።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ይህ ሥራ ቢሄድባት ምን እንደሚቀራት አሳምራ ታውቃለች፤ መስኮት ዳር ቁጭ ብሎ መንገደኛ መቁጠር። ለዚህ ደግሞ አልተፈጠረችም።

ያልሞከረችው ነገር የለም። መጀመሪያ ሰፈር ውስጥ ወዳለው የኮምፒውተር ጠጋኝ ወሰደችው። ጠጋኙ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «እማማ፣ ይሄማ አልቆለታል፤ አዲስ ይግዙ» አላት።

«አንተ ደም ሳትቀዳ ነው እንዴ ውጤት የምትናገረው?» ብላ ላፕቶፗን ብብቷ ሥር ከታ ወጣች። «እማማ» መባሉም ለብቻው አንገብግቧታል።

ከዚያ ወዲህ እንደ ላቦራቶሪዋ ሕግ ሠራች፤ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ ለውጦም መጻፍ። ስኩዌር ደብተር አወጣች። አጥፍታ አበራች፣ ሴኮንዱን ቆጥራ ጻፈች። የተከፈቱ ገጾችን ሁሉ ዘጋች፣ ጻፈች። ብሮውዘሩ ያጠራቀመውን ጊዜያዊ ፋይል ጠርጋ አጠፋች፣ ጻፈች። ሌላ ብሮውዘር ጫነች፤ እሱም ያው። የጎረቤቷን ኢንተርኔት ለምና ሞከረች፤ አሁንም ያው። ሁሉም ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነባት።

አንድያ ልጇም አልረዳትም። የመድን ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ ያልደረሰ አደጋ እንቅልፍ የሚነሳው ሰው። እሑድ እሑድ ምሳ ሊበላ ሲመጣ ስለ ላፕቶፑ ስታማርር ዓይኗን ሳያይ ይሰማና «እማዬ፣ እሱም አርጅቷል፣ አንቺም አረፍ በይ» ይላታል። ዓይኗን የማያየው ለምን እንደሆነ ግን አልጠረጠረችም። የሥራ ድካም መስሏት ነበር።

አርብ ጠዋት በሁለት ሰዓት ጀምራ እስከ አራት ሰዓት ድረስ ያነበበችው አራት ናሙና ብቻ ነው። አምስተኛው ላይ ፎቶው እስኪመጣ ስትጠብቅ፣ እጇ ሥራ ፈትቶ ደብተሩን ገለጠ። ቁጥሮቹን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። ከስምንት ወደ ሃያ የዘለለው እሑድ ነው። ከሃያ ወደ አርባም እሑድ። ከሃያ ወደ አርባም እሑድ። በመሃል ያሉት ቀናት ግን ንቅንቅ አላሉም።

መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። የኢንተርኔት ችግር እሑድን ለይቶ አይመጣም። እርጅናም ቢሆን ቀን ቆርጦ አይዘልም፤ ይሄንን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ይህ የሰው እጅ ያለበት ነገር ነው።

የቀረው ሠላሳ ስድስት ናሙና እየጠበቃት፣ ሰዓቱም እየሄደ፣ ሥራውን አቁማ ምርመራ ጀመረች። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? የአረንጓዴ ቅጠል ፎቶ ከፈተች፤ ሁለት ሴኮንድ። የባሕር ፎቶ፤ ሁለት ሴኮንድ። የጽጌረዳ አበባ ከፈተች፤ አርባ ሴኮንድ። የሕፃን ፊት፤ ደቂቃ ሊሞላ። ከዚያ በቀለም የተነከረውን ሮዝ ደም ከፈተች፤ ደቂቃ ተኩል።

«እንዴ!» አለች ብቻዋን። «ይሄ ነገር ቀለም ይመርጣል!»

ላፕቶፑ ላይ የተጫኑትን ፕሮግራሞች ዝርዝር አውጥታ አንድ በአንድ፣ የደም መስታወት እንደምታነብ ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ አየቻቸው። አሥራ ሰባተኛው ላይ ቆመች። «ልጅ ጠባቂ» ይላል። መቼም የልጅ ልጆቿ ሲጫወቱበት የቀረ ነው ብላ ነካችው። እንዲህ የሚል ገጽ ተከፈተ።

የሕፃኑ ስም፦ እማዬ። ዕድሜ፦ 9። የጥበቃ ደረጃ፦ እጅግ ጥብቅ። ሪፖርት የሚላክለት ወላጅ፦ የልጇ ስልክ ቁጥር።

ከሥሩ የቀናት ዝርዝር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሪፖርት ሄዷል፤ የመጨረሻው፦ «ራቁት ገላ ሊሆኑ የሚችሉ ምስሎች ተገኝተዋል፤ 612። ተመርምረው ተለቅቀዋል።» እሑድ እሑድ፦ «ወላጅ የጥበቃ ደረጃውን ከፍ አድርጓል።»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። መጀመሪያ ሳቋ መጣ፤ ስድስት መቶ የደም ጠብታ፣ ሮዝ ስለሆነ ብቻ እንደ ባለጌ ሥዕል አንድ በአንድ ሲፈተሽ! ከዚያ «ወላጅ» የምትለዋ ቃል ላይ ዓይኗ ሲያርፍ ሳቁ ጠፋ። ማን ነው ወላጅ? ዘጠኝ ወር ተሸክሞ የወለደው ማን ነው? እሳት ለበሰች፣ እሳት ጎረሰች። ለማጥፋት ስትሞክር የወላጅ የይለፍ ቃል ጠየቃት። ስልኳን አነሣች።

«አሁኑኑ ና።»

«እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ፤ አመመሽ እንዴ?»

«ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ብቻዬን ቤት መሆን ፈራሁ።»

ሰባት ሰዓት ላይ ክራባቱ እንኳ ሳይላላ በሩን አንኳኳ።

የተከፈተውን ገጽ ሲያይ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ቆመ። «ለደህንነትሽ ብዬ ነው» አለ። «አንድ ቀን ‹ስልክ አሸንፈዋል› የሚል ነገር ነክተሽ አልነበር? አታላይ በዛ፣ እማዬ። ድርጅታችን የሚመጣውን ጉድ ብትሰሚ...»

«ነካሁት፣ ውሸት መሆኑን አየሁ፣ ዘጋሁት። ዘጠኝ ዓመትስ ከየት አመጣህ?»

«ከአሥራ ሁለት በላይ አይቀበልም።»

«ታዲያ አሥራ ሁለት አትለኝም ነበር?»

«ዘጠኝና ከዚያ በታች ሲሆን ጥበቃው ይጠነክራል ስላለ ነው።»

«እሺ፤ ሪፖርቱስ? በየሳምንቱ ሲደርስህ እናቴ ምን እያየች ነው ብለህ አልጠየቅህም?»

አንገቱን ደፋ። «ምን ብዬ ልጠይቅሽ? አፈርኩ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ተውኩት።»

«የት ተውከው? በየእሑዱ እዚህ ወንበር ላይ ምሳዬን እየበላህ፣ በጎን በስልክህ ታጠብቀው ነበር እንጂ! እኔ ሥራዬ ሊሄድ ነው ብዬ ሳለቅስልህ፣ አንተ አረፍ በይ ትለኛለህ! እኔ ራሴን ተጠራጠርኩ፤ ማታ ማታ አንድ ዓይኔን እየሸፈንኩ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እስከማንበብ ደረስኩ። ቁጭ በል! ያሳፈረህን ራቁት አሳይሃለሁ።»

ጎትታ ከጎኗ አስቀመጠችው። አምስተኛውን ናሙና ነካች። ደቂቃ ተኩሉን አብረው ጠበቁ። በመጨረሻ ስክሪኑ ክብ ክብ በሆነ ሮዝ ነጠብጣብ ተሞላ።

«ምንድነው?» አለ።

«ደም ነዋ። የአራት ዓመት ልጅ ደም። ያቺን ሐምራዊ ቀለበት አየሃት? በሽታው እሷ ናት። የመጀመሪያው አንባቢ የለም ብሎ ነው የላከው። ያቺ ልጅ አሁን የምትጠብቀው የእኔን መልስ ነው፤ የእኔ ፎቶ ደግሞ የአንተን ፈቃድ።»

ልጇ ስልኩን አውጥቶ የይለፍ ቃሉን አስገባ። ፕሮግራሙ በቀላሉ አልለቀቀም፤ ጥበቃው የሚነሳበትን ምክንያት ይምረጡ አለ። ልጁ አድጓል፤ ስልክ ቀይሬያለሁ፤ ሌላ። ልጇ ጣቱን ወደ «ሌላ» ሲወስድ እጁን ያዘችው።

«የመጀመሪያውን ንካ» አለችው። «ከሁለታችን አንዳችን ዛሬ እንደግ።»

ስድስተኛው ናሙና በሦስት ሴኮንድ ተከፈተ። ላፕቶፑ ያው አሮጌው ላፕቶፕ ነው፤ ክዳኑም መጽሐፉን እንደተደገፈ ነው። ልጇ ተነሥቶ ወደ ቢሮ ሊመለስ ሲል ደብተሩን ወረወረችለት። «ትጽፋለህ። እኔ ስናገር አንተ ትጽፋለህ።» እሱም ጻፈ። የለም። የለም። አለ። የለም። ከሃያኛው በኋላ ክራባቱን ፈታ። ከሠላሳኛው በኋላ፣ ሳትናገር በፊት ስክሪኑ ላይ ሐምራዊውን ሲፈልግ ያዘችው፤ አላሳቀቀችውም። አርባኛው ተልኮ ሲያልቅ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት አሥራ ስምንት ደቂቃ ቀርቶ ነበር።

ስልኳ ጠራ። ኃላፊው ነው።

«አርባውም ደረሰኝ!» አለ ደስ ብሎት። «ሠላሳ ስድስቱ ከሰባት ሰዓት በኋላ! ዓይንዎ ተመለሰ ማለት ነው?»

«ዓይኔ የትም አልሄደም። የሁለቱ ወር መዘግየት የእኔ ጥፋት እንዳልሆነ መዝገብህ ላይ እንድታርምልኝ እፈልጋለሁ። የተሳሳተ ውጤት በጽሑፍ ይታረማል ብዬ አስተምሬሃለሁ።»

«አርማለሁ፤ ሥራውም የእርስዎ ነው። ግን ምክንያቱን መጻፍ አለብኝ። ችግሩ ምን ነበር?»

ልጇ ሰምቷል። መዳፉን አፉ ላይ አድርጎ፣ ራሱን ነቅንቆ ለመናት። የኢንተርኔት ነው ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃል። ዕድሜ ልኳን ስትሸፍንለት ኖራለች፤ የሰበረውን ብርጭቆ ድመት ሰበረችው ብላ፣ የቀረበትን የትምህርት ቀን አሞት ነው ብላ። አሁንም ሰበቡ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሁለት ወር ሙሉ ስሟ ደካማ ተብሎ ሲጻፍ የሸፈነላት ሰው አልነበረም።

ስልኩን ዘረጋችለት።

«አንተ ንገረው።»

በሁለት እጁ ተቀበላት። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ወደ በሩ አየ፣ ወደ እሷ አየ።

«ጤና ይስጥልኝ» አለ በማይሰማ ድምፅ። «ልጃቸው ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ጮክ ብለህ» አለችው እናቱ።